ለአንድ ቀን የተኛ ህመም

ሰው ሁሉ የሚቆጥረው ነገር አለው። አንዱ በጎቹን ይቆጥራል፣ አንዱ ጠላቶቹን ይቆጥራል፣ ሌላው ደግሞ የጎረቤቱን እንግዶች። እኔ ፊቴ የቀረበውን ሁሉ እቆጥራለሁ። ከቤቴ እስከ ቡሬ ገበያ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በበጋ ስምንት መቶ አርባ፣ በክረምት ጭቃውን ስዞር ዘጠኝ መቶ ከምናምን። ባለቤቴ እናኑ አንድን ወሬ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትደግመውም አውቃለሁ፤ እሱን ግን ለቤቴ ሰላም ስል አልናገርም። መቁጠር ስስት የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። መቁጠር የድሃ ልጅ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ኩንታል የቆጠርሁ ሰው ነኝ።

እኔ ብቻ ሳልሆን አገሬው ሁሉ አብሮኝ የሚቆጥረው አንድ ነገር ግን አለ፤ ማን ለማን እንደተነሣ። በእኛ በጎጃም ሰው ከቤት ሲገባ፣ ይልቁንም በዕድሜ የገፋ ከሆነ፣ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል። የገባው ሰው ደግሞ «በእግዜር! ኧረ በእግዜር!» እያለ እንዳይነሡለት ይለምናል። ልመናው ግን ከልብ አይደለም። «በእግዜር» ተባልሁ ብሎ ቁጭ ብሎ የቀረ ሰው ወዮለት! ስሙ ከዚያ ቤት ወጥቶ ወንዝ እስኪሻገር ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። አንድ ጊዜ ደምበጫ፣ ሠርግ ላይ፣ ወጡ እስኪቀርብ ድረስ አርባ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። የጎረስሁት ከዚያ ያንሳል።

እንግዲህ አስቡት። በእንዲህ ያለ አገር ወገቡ አልታዘዝ ያለው ሰው ምን ይሁን?

ወገቤን ለመክሰስ አልቸኩልም፤ የሠራውን አውቃለሁና። አባትና እናታችን በልጅነቴ ነው የሞቱት። ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ አያ ደምለው ናቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጡኛል። ከሽንዲ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ለአንድ ሰው እንኳ በማትበቃ መሬት ላይ፣ ራሳቸው ሳይጠግቡ አጠገቡኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ መሬቷ ለሁለት እንደማትበቃ ቆጥሬ ደረስሁበትና አንዲት የመሸከሚያ ገመድ ይዤ ቡሬ ወረድሁ። ሃያ ዓመት ተሸከምሁ። በቆሎ ይከብዳል፤ ግን ጨዋ ነው፣ ዝም ብሎ ይቀመጥልሃል። በርበሬ ቀላል ነው፤ ግን ያስነጥስሃል፣ ኩንታል ተሸክሞ ማስነጠስ ደግሞ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያስነጠሰ ነው። ከተሸካሚነት ወደ ሸማችነት፣ ከሸማችነት ወደ ባለ መጋዘንነት እየተንፏቀቅሁ ወጣሁ። ሰው ሁሉ «አያ ጌታሁን አልፎለት» አለኝ። ጀርባዬ ግን መጋዘን መክፈቴን አልሰማም ነበር። እሱ አሁንም ሥራ ላይ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ህመሙ ጀመረኝ። ከወገቤ ተነሥቶ በግራ ጭኔ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚወርድ ቀጭን እሳት ነው። ቁጭ ካልሁ መነሣት ጭንቅ ሆነብኝ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ደበቅሁት። በከተማው ውስጥ የምታወቀው «ሁለት ኩንታል ባንዴ የተሸከመ» ተብዬ ነው፤ ይህ ሰው እንዴት ብሎ «ወገቤን» ይላል? ስለዚህ ዘዴ ፈጠርሁ። ለቅሶ ቤት ከሰው ሁሉ በኋላ እደርሳለሁ፤ እኔ ስገባ ሌላው ይነሣልኛል እንጂ እኔ ለማንም አልነሣም። ሠርግ ቤት ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ፤ የቆመ ሰው ተነሥ አይባልም። መጋዘኔ ውስጥ ደግሞ የምቀመጠው በተደረደረ ኩንታል ላይ ነው፤ ከዚያ ላይ መውረድ እንጂ መነሣት የለም። በዚህ ብልሃት አንድ ዓመት አለፈ። ብልህ ነኝ እያልሁ ራሴን ሳመሰግን ፋሲካ ደረሰ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በፋሲካ ማግስት ቤቴ በእንግዳ ሞልቷል። እኔ ሳላስብ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። አያ ደምለው አንድ ቅል ማር ይዘው ከሽንዲ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። ቤቱ ሁሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። እኔም «ኖር!» አልሁ። አፌ ተነሣ፤ መቀመጫዬ ከበርጩማዋ አልተላቀቀም። አንድ ጊዜ ሞከርሁ፤ እሳቱ እግሬን ያዘኝ። ሁለተኛ ልሞክር ስል አያ ደምለው ማሩን ከበሩ ሥር አስቀመጡት።

«እንግዲህ ወንድሜ ከበረ» አሉ ለቤቱ ሁሉ። «የከበረ ሰው አይነሣም። እኛም የከበረ ሰው አናስቸግርም።»

ወጥተው ሄዱ። እህል አልቀመሱም።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። ሁለቱንም ጊዜ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሲነሣልኝ እገባለሁ።» በሽማግሌዎቹ አፍ «አሞት ነው» የሚል አንድ ቃል ብልክ ነገሩ ያልቅ ነበር። አላክሁትም። አንዳንድ ቃል ከኩንታል ይከብዳል። ያለኝ አንድ ወንድም ነው፤ ሁለት ፋሲካ ያለ እሳቸው በላሁ። እሱንም ቆጥሬዋለሁ።

በኋላ ግራ እግሬ መጎተት ሲጀምር እናኑ አልታገሠችኝም። «አንተ ሰው፣ ወይ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ፣ ወይ እኔ ገበያ መሐል ቆሜ እናገረዋለሁ» አለች። ማድረጓን ስለማውቅ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። እዚያ ያየኝ የጀርባ ሐኪም የደምበጫ ልጅ ነው፤ ገና ጢሙ በቅጡ ያልጠነከረ። ፎቶ አንሥቶ አሳየኝ። በሁለት አከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ነገር ተንሸራቶ የእግሬን ነርቭ ተጭኖታል አለኝ። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አለ።

«ከዚያ በኋላ መነሣት እችላለሁ?» አልሁት።

«መራመድማ ይራመዳሉ፣ አባቴ።»

«መራመድ አላልሁም። መነሣት።»

የደምበጫ ልጅ ነውና ገባው፤ ሳቅ አለ። «እሱንም ይችላሉ። ግን ቀስ ብለው፣ በጊዜው።»

ከዚያ ስለ አንድ መድኃኒት ነገረኝ፤ የዚህ ሁሉ ወሬ ምክንያት እሱ ነው። ቀዶ ጥገናው አልቆ ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት፣ ዙሪያውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይወጋል። ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ እንደሚወጉት ያለ ነው፤ ይኼኛው ግን ቶሎ የሚለቅ አይደለም፤ ረጅም ሰዓት ይቆያል። «እስከ ማግስቱ ጠዋት ገደማ ብዙም አያምዎትም» አለ ዶክተሩ። «ሰው ሰው ይለያያል እንጂ እንዲያ ነው። ግን ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ የምንሰጥዎትን ክኒን ሳያምዎት ይዋጡት። መደንዘዙ ሳይለቅ ክኒኑ መሥራት መጀመር አለበት። ሁለተኛ፣ አላመመኝም ብለው ብድግ እንዳይሉ። ሲነሡ ከነርሷ ጋር፣ በጎንዎ እንደ ግንድ ተንከባለው ነው። መድኃኒቱ ህመሙን ያስተኛዋል እንጂ ቁስሉን አያድነውም።»

«እሺ» አልሁ።

እንዴት ያለ እሺ መሰላችሁ? የግብርና ባለሙያው ጤፉን በመስመር ዝሩ ሲለን ገበሬው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ «እሺ» የሚለው ዓይነት እሺ። ባለሙያው ዞር ሲል በእጅ ይበትነዋል።

ጠዋት አስተኙኝ፤ ስነቃ እኩለ ቀን ሊሆን ምንም አልቀረው። ዶክተሩ «ጣትዎን ያንቀሳቅሱ» አለኝ፤ አሥሩንም አንቀሳቀስሁ፣ ቆጥሬ አስረከብሁት። ከዚያ ህመሜን ፈለግሁት። የጠፋ በሬ እንደሚፈለግ በየቦታው ፈለግሁት። ጭኔ ላይ የለም። ቁርጭምጭሚቴ ላይ የለም። ወገቤን የነኩት ሰዎች አሉ ወይ እስክል ድረስ የለም። ጀርባዬ ላይ ያለው የሰው ጀርባ የመሰለ፣ ዝም ያለ፣ የደነዘዘ ነገር ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያልተለየኝ ጓደኛ ሳይሰናበተኝ ሄደ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ፣ ሲስተር ሰላማዊት፣ ሁለት ክኒን በትንሽ ቆርቆሮ አምጥታ ሰጠችኝ። ውኃውን ጠጣሁ፤ ክኒኑን ትራሴ ሥር ከተትሁት። በመኸር ወቅት፣ ጎተራ ሞልቶ ሳለ፣ እህል የሚሸምት ሞኝ አለ? ያላመመኝን ምን ብዬ ልዋጥ! ለሚያምበት ቀን ይቀመጥ አልሁ። እንዲህ ያለ ቁጠባ ነው እዚህ ያደረሰኝ።

ወዲያው ጠያቂ መምጣት ጀመረ። የመጀመሪያው አቶ ሰይድ ነው፤ ቡሬ ውስጥ በርበሬ የሚነግድ፣ የሠላሳ ዓመት ወዳጄ። በር ላይ «አብሽር፣ አብሽር አያ ጌታሁን» ሲል ሰማሁት። ከዚያ የሆነውን እኔ አላደረግሁትም፤ ሰውነቴ ነው ያደረገው። «ኖር!» ብዬ ብድግ አልሁ። ሦስት ዓመት የተቆለፈ በር በአንድ ግፊት ተከፈተ።

እናኑ ጮኸች። ሰይድ የያዘውን ብርቱካን ሊጥለው ደረሰ። «በአላህ! በአላህ ተኛ!» አለና ቆሞ አየኝ። «ዛሬ ጠዋት ቀደዱት ያሉኝ ውሸት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ምንህን ነው የቀደዱት?»

እንዲህ ያለ ሙገሳ የሰማ ሰው ተመልሶ ይተኛል? ቀጥሎ ሁለት የእድር ሰዎች መጡ፤ ተነሣሁ። የመጋዘን ጎረቤቴ ከነባለቤቱ መጣ፤ ተነሣሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ያልተነሣሁላቸው ሁሉ ወሬውን ሰምተው ሊያዩኝ የመጡ ይመስል እየተከታተሉ ገቡ። የነፍስ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ሲገቡማ መነሣት ብቻ አይደለም፣ ጎንበስ ብዬ ተሳለምሁ። ይህ ዘጠነኛው ነበር። ዘጠነኛው ላይ ሲስተር ሰላማዊት ያዘችኝ።

«አባባ! ምን እየሠሩ ነው?»

«እንግዳ እየተቀበልሁ።»

«የሰፋነው ክር እኮ እንግዳ አያውቅም!» አለችና እንደ ሕፃን አጋድማ አስተኛችኝ። ቄሱ «ልጅቱ እውነቷን ነው፣ በግዝት ተኛ» ቢሉም በልቤ ኩራት ሞልቶ ስለነበር ግዝቱም አልተሰማኝ።

ይህ ኩራት ነው ስልክ ያስደወለኝ። እናኑን «ለአያ ደምለው ደውይልኝ» አልኋት።

«ቆይ እስቲ ይሻልህና።»

«ከዛሬ ወዲያ አይሻለኝም።»

ይህች ንግግር ምን ያህል እውነት እንደነበረች ያን ጊዜ አላወቅሁም። ደወለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«አያ፣ ጌታሁን ነኝ። ወገቤን ታምሜ ነበር፤ ዛሬ ተሠርቼ ተነሣሁ። ያን ለታ ያልተነሣሁት በኩራት አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ነኝ። ይምጡ፤ እነሣልዎታለሁ።»

ትንፋሻቸውን ቆጠርሁ፤ እስከ ሰባት።

«አሁን ደግሞ ወገብ አበቀልህ?» አሉ። «ሽማግሌ ስትልክ ወገብ አልነበረህም?»

«ነበረኝ አያ። አፍ አልነበረኝም።»

«እንግዲህ ስማኝ። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ትነሣለህ። ከተነሣህ ወንድሜ ነህ። በር ላይ አቁመህ ሁለተኛ ካዋረድኸኝ ግን ሬሳዬንም እንዳትሸኝ።»

«እነሣለሁ» አልሁ። ለምን አልልም? ዘጠኝ ጊዜ ተነሥቼ አሥረኛው ምን ያቅተኛል?

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ህመሙ ተመለሰ። አመጣጡን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ብቻውን ነው የመጣው፤ ቁስሉ አጠገብ በአንድ ጣት ነካ አድርጎ «አለህ?» እንደማለት ነገር። አለሁ ሳልል ሄዶ ዘመዶቹን ሁሉ ይዞ ገባ። የቀዶ ጥገናው ህመም አለ፤ እሱ የሚጠበቅ ነው። ከኋላው ግን ትናንት ዘጠኝ ጊዜ ያለ ልክ የተጎተተው ጡንቻ ሁሉ ተሰልፏል። ለእነዚህ እንግዶች መነሣት ቀርቶ መተንፈስም አልቻልሁም።

ሲስተር ሰላማዊት ሮጣ መጣች። «ክኒኑን በሰዓቱ ወስደዋል አይደል?»

እናኑ ነገሩ ሸተታትና ትራሴን አነሣችው። የቀኑ ሁለት፣ የማታው ሁለት።

«አራት» አልሁ እያቃሰትሁ። ልማድ ነዋ።

«አቤት!» አለች እናኑ። «ይህን ሰው ሲቀብሩትም አፈሩን በአካፋ ይቆጥራል!»

ዶክተሩ መጣና ቁስሉን ገልጦ አየ። «ስፌቱ ደኅና ነው፤ እግዚአብሔር ነው የጠበቀዎት» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ ግን እስከ ከሰዓት ድረስ ከዚህ አልጋ ንቅንቅ የለም።»

«ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ለማን?»

«ለታላቅ ወንድሜ። ከሽንዲ መንገድ ጀምረዋል። ካልተነሣሁ ያጡኛል፤ እኔም አጣቸዋለሁ።» ሁሉንም ነገርሁት፤ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ልጁ ራሱን አከከ። «እኔም አባቴ በር ላይ ቢቆም የያዝሁትን ቢላ ጥዬ ሳልነሣ አልቀርም» አለ። «ግን ዛሬ በድንገት ብድግ ቢሉ ለሌላ ጊዜ የሚነሡበት ወገብ ላይኖር ይችላል። እምቢ ብያለሁ።»

«እንግዲያው የትናንቱን መርፌ ድገምልኝ። ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲያስተኛው።»

«አታለለዎት እኮ እሱ መርፌ! እንደገና አይታለሉም።» ለህመሙ ሌላ ነገር በክንዴ ሰጠኝ። ግማሽ ሰዓት ይታገሡ አለኝ። አያ ደምለው ግን በሩብ ሰዓት ደረሱ።

ከመተላለፊያው የከዘራ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀስ እያለ፣ ወለሉን እየቆረቆረ። አውቀዋለሁ ያንን አረማመድ። በሩ ላይ ቆሙ፤ ጋቢያቸውን መስቀለኛ ለብሰዋል። እናኑ ወሬውን ለክፍሉ ሁሉ አዳርሳው ስለነበር አስታማሚው ሁሉ ጠብቋል። «ኖር!» ብሎ ሁሉም ተነሣ። አያ ደምለው «በእግዜር» አላሉም። ጆሯቸውን ወደ ክፍሉ ሰጥተው ጠበቁ።

«ኖር አያ!» አልሁ ተኝቼ።

ፊታቸው ጠቆረ። ከዘራቸውን አንሥተው ሊዞሩ ሲሉ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ዶክተር የለም፣ ነርስ የለም። በጎኔ ተንከባለልሁ፣ በክርኔ ተመርኩዤ ተገፋሁ። ያኔ ከውስጤ አንድ ድምፅ ወጣ። ላም ስትወልድ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንዲያ ያለ ነው። እኔ ራሴ ማን ነው የጮኸ ብዬ ዞር አልሁ።

ከዘራው ወለል ላይ ወደቀ።

«ጌታሁን ነው ይሄ?» አሉ አያ ደምለው። «አባታችን ሲሞት እንኳ እንዲህ አልጮኸም! ያን ለታም እንዲህ ነበር የሚያምህ?»

«ያን ለታም እንዲህ ነበር፣ አያ።»

እጃቸውን ዘርግተው እየተንደረደሩ መጡ። መጡና፣ የእኔን አልጋ አልፈው፣ አጠገቤ ሆዱን ተሠርቶ የተኛውን ሰውዬ አቀፉት። ራሱን እየደባበሱ ያለቅሱ ጀመር። «አይዞህ የእናቴ ልጅ! አይዞህ፣ ይቅር በለኝ፣ እኔ ደንቆሮ!»

ሰውየው ግራ ገብቶት አቀፋቸው። «አይዞዎት አባቴ፣ ይቅር ብያለሁ» አለ። «ግን እኔ የአዴት ሰው ነኝ።»

መጀመሪያ የሳቀችው እናኑ ናት። ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። ሳቋን ያቆመው ነገር ለሁላችንም ገባን።

«አያ» አልሁ ቀስ ብዬ፣ «ዓይንዎ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ዓይኔ ደኅና ነው!» አሉ፤ ወደ መስኮቱ እየተናገሩ።

እናኑ እጃቸውን ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ፊታቸውን በቅርብ አየሁት። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ እንደ ወተት ስልባቦት ጋርዷል። ጥላ ያያሉ፣ ብርሃን ያያሉ፤ ሰው አይለዩም። ከመነኻሪያው እስከ ግቢው በር የመራቸው የመኪናው ረዳት ነው። ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ለማንም አልተናገሩም።

«የሚያርስ ሰው ዓይኔ ጠፋ ይላል ወይ?» አሉኝ በቁጣ። «መሬቴን ነገ ማን ይሰጠኛል? ሽማግሌ ብሎ ማን ይጠራኛል?»

የሰማሁት ቃል የራሴ ነበር። እኔ ሁለት ኩንታል ይዤ የደበቅሁትን እሳቸው ሞፈር ይዘው ደብቀውታል። አንድ እናት ነው የወለደችን።

«እና ያን ለታ አለመነሣቴን እንዴት አዩ?»

«አላየሁም። ሰማሁ። የሌላው ሁሉ 'ኖር' ከላይ መጣ፤ ያንተ ከታች።» ቅንድቤን በጣታቸው ዳሰሱ። «ፊትህን ባየው ኖሮ ማመምህን አውቀው ነበር። በሕፃንነትህ ሆድህን ሲቆርጥህ እንኳ ከቅንድብህ ነበር የማውቀው።»

ሰይድ ይህን ሲሰማ በኋላ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ታዲያ ሦስት ትራስ ደርበህ ከፍ ብለህ 'ኖር' ብትል ይበቃ አልነበረም?» ብልሃት ሁሌም የሚመጣው ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

እስቲ አብራችሁኝ አስሉት። ያ መርፌ አንድ ጠዋት ቢጨምርልኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አያ ደምለው ይገባሉ፤ እኔ እንደ ጎረምሳ ብድግ እላለሁ፤ «በእግዜር» ይላሉ፤ ታርቀን፣ በልተን፣ ስቀን፣ እሳቸው ዓይናቸውን እኔ ሐፍረቴን እንደያዝን እንለያይ ነበር። አንድ ዝናብ ያዘለ ምሽት ላይ ገደል ይገቡ ነበር፤ እኔም «ወንድሜ ምን ነካቸው» እል ነበር። ይህን ስል ህመምን ማመስገኔ እንዳይመስላችሁ። ህመም ክብር የለውም፤ ያስጮሃል እንጂ ሌላ ሙያ የለውም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ክኒኔን በደቂቃው ነው የዋጥሁ፤ እንደታዘዝሁ፣ እንደ ግንድ ተንከባልዬ ነው የተነሣሁ። መርፌውንም አልወቅሰውም። ያስተኛውን በሰዓቱ አስተኝቶ በሰዓቱ ቀሰቀሰው፤ ዶክተሩም አስቀድሞ ነግሮኛል። እኔ ነኝ የተኛውን የሞተ ያደረግሁት። በእኛ አገር ደግሞ «አሞኛል» የምትለውን ቃል ከአፋችን ለማውጣት ስንት ነገር መቀደድ እንዳለበት ይገርመኛል።

አያ ደምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለዩኝም። አምስት ቀን አስታመሙኝ። ማስታመማቸው እንዲህ ነው፤ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ ጠያቂ ሲመጣ በከዘራቸው ደረቴን ይጫኑታል። «ተኛ! እኔ እነሣልሃለሁ» ይላሉ፤ እሳቸው በእኔ ፋንታ እየተነሡ «ኖር» ይላሉ፤ አንዳንዴ እንግዳው ወደ ገባበት፣ አንዳንዴ ወደ ግድግዳው። ሃያ ስድስት ጊዜ ተነሥተውልኛል።

ወገቤ ሲጠገን ባሕር ዳር ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኋቸው። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ጦር ቢመጣ ወደኋላ የማይሉ ሰው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ክንዴን ጨበጡኝ።

«ያማል?»

«ያደነዝዙታል፣ አያ። ሲሠሩት አይሰማዎትም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ያሉዎትን ይስሙ። አላመመኝም ብለው ከሐኪሙ የበለጠ እንዳያውቁ።»

«አንተ ነህ የምትመክረኝ?» ብለው ሳቁና ገቡ።

በማግስቱ የቀኝ ዓይናቸው ፋሻ ሊነሣ ሆነ። እኔ ለዚህች ቀን ተዘጋጅቻለሁ። አዲስ ጋቢ ለብሻለሁ፤ ጢሜን ተላጭቻለሁ። ፊት ለፊታቸው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነርሷ ፋሻውን ስታላቅቅ ጠበቅሁ። ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉት። ያኔ በሁለቱም እግሮቼ፣ ማንም ሳይደግፈኝ፣ ቁመቴን ሙሉ ብድግ አልሁ።

«ኖር አያ!»

ከእግሬ ጀምረው ወደ ላይ አዩኝ። እንደ በሬ ገዥ ነው የሚያዩኝ፤ ቀስ ብለው፣ ምንም ሳያስቀሩ። ወገቤ ላይ ቆዩ፤ ደረቴን አለፉ፤ ፊቴ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የሦስት ዓመት ሽበት፣ የሦስት ዓመት መጨማደድ፣ የተሸበሸበ ቅንድብ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አዩት።

«ጌታሁን?»

«አቤት አያ።»

«ኧረ ቁጭ በል አንተ! እንዴት እንዲህ ታረጃለህ!»

ቁጭ አልሁ።